እሳት ከማን ቤት ይጫራል?

በአንድ ትልቅ ከተማ፣ ወንዝ ዳር፣ አንድ ሰፈር ነበር። ቤቶቹ ከጭቃ፣ ከአሮጌ ቆርቆሮና ከላስቲክ የተጠጋገኑ፣ ግድግዳ ለግድግዳ የተደጋገፉ ነበሩ፤ አንዱ ሲያስነጥስ "ይማርህ" የሚለው ጎረቤት ነው። ነዋሪው ልብስ አጣቢ፣ ጉልት ቸርቻሪ፣ የቀን ሠራተኛ፣ ሊስትሮ፣ ከተራራው ቅጠልና ጭራሮ ተሸክማ የምትወርድ ሴት ነው። ክረምት ሲገባ ወንዙ ይሞላል፤ ጉሙ በየቀዳዳው ይገባል፤ ክብሪት ይረጥባል፤ ጭራሮው ጭሶ ጭሶ ሳይነድ ይቀራል። ልጆቹ ሲስሉ ያድራሉ።

በከተማው ላይኛው ክፍል አንድ ባለጸጋ ይኖር ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም። ይህን ከወዲሁ የምናገረው በምሳሌ ውስጥ ሀብታም ብቅ ሲል አንባቢ ጥፋቱን መጠበቅ ስለሚጀምር ነው። ይህ ሰው በክረምት አንድ ማታ በዚያ ሲያልፍ የልጆቹን ሳል ሰምቶ እንቅልፍ አጣ። ገንዘብ አወጣ፤ ወዳጆቹን አስተባበረ፤ በሰፈሩ መካከልም የድንጋይ አዳራሽ አሠራ። መሐሉ ላይ ሰፊ ምድጃ፣ ከበላዩ ረጅም የጭስ መውጫ፣ ዙሪያውን አግዳሚ ወንበር። እሳት አንዳጆች በደመወዝ ተቀጠሩ። ግንዱ በመኪና ተጭኖ ይመጣል።

ሰፈርተኛው ማታ ማታ እየመጣ ይሞቃል። በመጀመሪያው ክረምት የብዙ ልጆች ሳል ለቀቃቸው። እሳቱ እውነተኛ እሳት ነበር። በሩ ላይ የተቀመጠ ጸሐፊ የገባውን ሰው በመዝገብ ይቆጥራል፤ ቁጥሩ ለባለጸጋው ወዳጆች ይላካል፤ ከዓመት ዓመት ሲያድግ ያዩና ደስ ይላቸዋል። ከምሽቱ 2 ሰዓት ሲሆን ደወል ይደወላል፤ አዳራሹ ይዘጋል፤ ሰዉ ወደየቤቱ ይበተናል። ቤቱ እንደ ቀዘቀዘ ነው።

በበሩ ላይ በቀይ ቀለም የተጻፈ ማስታወቂያ ነበር፦ "ከዚህ እሳት ይዞ መውጣት በጥብቅ የተከለከለ ነው።" ምክንያቱ ያስኬዳል። ሰፈሩ ላስቲክ ነው። አንዲት ፍም ነፋስ ቢያነሣት ምን እንደሚከተል ለማወቅ ሊቅ መሆን አያስፈልግም።

አመዱን የምትጠርግ አንዲት ሴት ነበረች። ቀን ለሰው ልብስ ታጥባለች፤ ማታ አዳራሹ ሲዘጋ ምድጃውን ታጸዳለች። አንድ ማታ አመዱን ስትገልጥ ከሥሩ ያልሞተ ፍም አገኘች። በዚያው ሳምንት የወለደችው ጎረቤቷ ትዝ አለቻት። አራስ ከቤት አትወጣም፤ ስለዚህ አዳራሹ ለእሷ እንዳልተሠራ ነው። ሴትዮዋ ወዲያ ወዲህ አየች። ከተሰበረ ምጣድ ገል አነሣች፤ አመድ አነጠፈችበት፤ ፍሙን አስቀመጠች፤ በላዩ ደግሞ አመድ አለበሰችው። በነጠላዋ ከልላ ወጣች።

አራሷ በጨለማ ሕፃኑን ደረቷ ላይ ለጥፋ ተኝታለች።

"እትዬ፣ በዚህ ሰዓት ምን ይዘው መጡ?"

"ዝም ብለሽ ተኚ፣ ልጄ።"

ሴትዮዋ እሳቱን አስቀምጣ አልሄደችም። ከጥግ ያገኘችውን የቆርቆሮ ምድጃ አነሣች፤ መሐሉ ላይ ጠርሙስ አቆመች፤ ዙሪያውን ሰጋቱራ እየጨመረች በጡጫዋ ጠቀጠቀችው። ጠርሙሱን እያዞረች ቀስ ብላ ስታወጣው በሰጋቱራው መካከል ቀዳዳው ቀረ። ከሥር ፍሙን አስገባች፤ ጭራሮ ሰባብራ ደገፈችው፤ ጎንበስ ብላ እፍ አለች። ጭሱ ዓይኗን አስለቀሳት። ደጋግማ እፍ አለች። በመጨረሻ በቀዳዳው ቀጭን ነበልባል ብቅ አለ። ውሃ ጣደች፤ አጥሚት አፈላች፤ አራሷን አጠጣች፤ እስኪነጋም ተቀመጠች። ልትሄድ ስትል እንዴት እንደሚዳፈን አሳየቻት።

"አመዱን አታብዢበት፣ ይታፈናል። አታሳሺበትም፣ ነዶ ያልቃል። ማታ አዳፍነሽ ጠዋት ግለጪው። ከላስቲኩ ግን አርቂው፤ በእመብርሃን!"

ጥቂት ቀናት እንዳለፉ የአራሷ በር ተንኳኳ። ከማዶ ያለው የሸማኔው ልጅ ገል ይዞ ቆሟል።

"እማዬ፣ እሳት ካላቸው ትንሽ ጭረህ አምጣ ብላኛለች።"

አራሷ መልስ ጠፋባት። ወደዚያ ሰፈር ከመጣች ጀምሮ በሯን የሚያንኳኳ ሰው የሚመጣው ኪራይ ሊጠይቃት፣ ወይ ሊመዘግባት፣ ወይ ሊያዝንላት ነበር። ከቤቷ የሚፈልገው ነገር ኖሮት የመጣ ሰው አይታ አታውቅም።

"ከእኔ ቤት?"

"አዎ። ጭሱን አይታ ነው።"

ሕፃኑን አስተኛች፤ አመዱን ገልጣ ከፍሙ ትልቁን መረጠችለት። ከዚያ አራስ መሆኗንም ረስታ ነጠላዋን ተከናነበችና ልጁን ተከተለችው። እትዬ እንዳደረጉላት እሳቱ እስኪያያዝ ልትቀመጥ ነው።

እንዲህ እንዲህ እያለ እሳቱ ሰፈሩን ዞረ። ከሸማኔው ቤት ጠላ ሻጯ ጫረች፤ ከእሷ ቤት ስድስት ሆነው አንድ ክፍል የተከራዩት ሊስትሮዎች ጫሩ። አንድ የቀን ሠራተኛ ነበር፤ በየሦስት ቀኑ ሰክሮ ይገባና እሳቱ ይጠፋበታል። ጠዋት ራሱን እየያዘ "ዛሬም ጠፋብኝ" ብሎ ይመጣል። ጠላ ሻጯ ትሰድበዋለች፤ ግን ትሰጠዋለች። ዓይነ ስውሩ ሽማግሌ ደግሞ እሳት ማንደድ አይችሉም ተብሎ ሲታለፉ ከረሙ። ኋላ ግን አንዲት ልጅ ሄዳ ስታነድላቸው፣ ሽማግሌው ከሰፈሩ ሁሉ ቀድመው የሚነቁ ሰው ሆነው ተገኙ። ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ለሥራ የሚወጣ ሁሉ ከእሳቸው ቤት መጫር ጀመረ።

በአዳራሹ መዝገብ ቁጥሩ እየቀነሰ ሄደ። ባለጸጋው ተጨነቀ። "ሰዉ ሙቀት ጠላ እንዴ?" ብሎ ጸሐፊውን ጠየቀው። ጸሐፊው የሚቆጥረው በበሩ የሚገባውን ብቻ ስለሆነ መልስ አልነበረውም።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ለእኔም በቀለለኝ ነበር። ግን አንድ ጎልማሳ ነበር፤ አፉ የሚያምር፣ ሲናገር ሰው የሚሰበስብ። እሱም እሳት ጫረ። የእሱ ግን ከሩቅ እንዲታይለት ፈለገ። ላምባ ያርከፈክፍበታል፤ ነበልባሉ ጣሪያ ሲደርስ ሰው ያጨበጭባል። "የእኔ እሳት እንደ ሌላው አይደለም፤ በሽታም ያወጣል" ማለት ጀመረ። ቀጥሎ ዋጋ ቆረጠለት። መቀነታቸውን እየፈቱ የከፈሉ እናቶች ነበሩ። አንድ ነፋሻ ሌሊት ነበልባሉ ላስቲኩን ያዘው። ሦስት ቤት ነደደ። የሰው ሕይወት ባይጠፋም የአንዲት ጉልት ቸርቻሪ ጥሪት ከነሣጥኗ ጋየ። ጎልማሳው በነጋታው ሰፈሩን ለቆ ወደ ሌላ ሰፈር ሄደ፤ እዚያም ሰው ሰበሰበ ይባላል።

በእድሩ ድንኳን ሥር ስብሰባ ተጠራ። ባለጸጋው ተነሥቶ "ይኸው! ያን ማስታወቂያ በከንቱ አልለጠፍኩትም" አለ። የሚመልስለት ጠፋ። ኋላ አመድ ጠራጊዋ ተነሣች።

"ጌታዬ፣ እውነትዎን ነው። ለዚያ ልጅ እሳቱን የሰጠሁት እኔ ነኝ። እሱም ሊወስድ ቸኩሎ ነበር፣ እኔም ልብስ ላጥብ ቸኩዬ ነበር። አልተከተልኩትም። እሳቱ ብቻውን ሄደ፤ ጥፋቱ ይኸው ነው።"

ብዙ ተነጋገሩ፤ ተጨቃጨቁም። ማስታወቂያው ተመልሶ ይጽና ያሉም ነበሩ። በመጨረሻ የተስማሙት ይህ ነው፦ እሳት የሚሰጥ ሰው አብሮ ይሄዳል፤ የመጀመሪያው ድስት እስኪፈላ ይቀመጣል፤ ማዳፈንን ያሳያል። እሳት ደግሞ አይሸጥም። ቤታቸው ለነደደባቸው አዋጥተው ማገርና ላስቲክ ገዙላቸው።

ሰዉ ሲበተን ባለጸጋው ሴትዮዋን ጠብቆ አነጋገራት። "እንግዲህ እኔ ምን ላድርግ? ገንዘብ አለኝ።"

አሰበች። "እሳቱስ አለን፤ መጀመሪያም ከእርስዎ ምድጃ ነው የተገኘው፣ እግዜር ይስጥልን። የምንቸገረው በጭራሮው ነው። ሴቶቻችን ከተራራው ሲወርዱ ጥበቃዎቹ ሸክማቸውን ይቀሟቸዋል፤ አንዳንዴም ይመቷቸዋል። እኛ ሄደን ብንናገር ከበር ይመልሱናል። እርስዎን ግን ወንበር ስበው ያስቀምጡዎታል።"

ሰውየው ኪሱ ውስጥ ያስገባውን እጅ አወጣ። ቢሮ ለቢሮ መመላለስ ብር ከመስጠት እንደሚከብድ ያን ጊዜ ገና አልገባውም ነበር። ተመላለሰ፤ "ነገ ና" ተባለ፤ ዘመዶቹ ሳቁበት። ቆይቶ ግን ሴቶቹ የደረቀውን ጭራሮ እንዲለቅሙ ተፈቀደላቸው።

ስለ ሸማኔውም ልንገራችሁ። ቤቱ ሲሞቅ እጁ ተፍታታ፤ ማታም መሸመን ቻለ፤ ገንዘብ ቋጠረ። ከጊዜ በኋላ ከሰፈሩ ወጥቶ ግቢ ያለው ቤት ሠራ፤ ኤሌክትሪክ ምድጃ ገዛ፤ የብረት በር አስገጠመ። አንድ ቀን እሳት ሊጭር የሄደ የድሮ ሰፈሩን ልጅ ዘበኛው ከበር መለሰው። ሸማኔው ይህን አላወቀም። ቢያውቅ ያዝን ነበር፤ ግን አላወቀም።

ከዚያ አንድ ቀን ቀለምና ብሩሽ የያዙ ሰዎች መጥተው በየግድግዳው ላይ ቀይ ምልክት አደረጉ። ሰፈሩ ሊነሣ ነው። አዳራሹ ካርታ ስላለው አይነካም፤ ዙሪያው መናፈሻ ይሆናል። ሰዉ ግን በዕጣ ይደለደላል፤ አንዱ ወደ ምሥራቅ፣ አንዱ ወደ ደቡብ፣ የከተማው ዳር ወዳሉ አዳዲስ ሕንጻዎች።

በመጫኛው ቀን ዝናብ ነበር። አይሱዙዎች በጭቃው ተደርድረው ቆሙ። ሴትዮዋ ፍሟን በአሮጌ የኒዶ ጣሳ ውስጥ አዳፍና ይዛ ስትወጣ ሾፌሩ አያት።

"እናት፣ እሳት መኪና ላይ አይወጣም!"

"አመድ ነው፣ ልጄ" አለችው። አልዋሸችም፤ ከላይ የሚታየው አመድ ነው። ከፍራሽና ከምጣድ መካከል ጣሳውን እጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። መንገዱ ረጅም፣ ሸራውም ቀዳዳ ነበር። ሲደርሱ ጣሳው ውስጥ ጭቃ ሆኗል።

ዕጣዋ አራተኛ ፎቅ ወጣ። ከድሮ ሰፈሯ አንድም ሰው በዚያ ሕንጻ የለም። መብራት አልገባም። ባዶ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብላ ሲመሽ አየች። በዕድሜዋ ሙሉ ሰው በር አንኳኩታ የሰጠች ሴት፣ ባዶ ጣሳ ይዛ ሰው በር ላይ መቆም ከበዳት። ግን ብርዱ ከኩራቷ በለጠ። ወርዳ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ጭስ የሚሸትበትን በር አንኳኳች። አይታት የማታውቅ ልጅ ከፈተችላት።

"እሳት ይኖርሻል፣ ልጄ?"

"አለን፣ እማማ። ይግቡ።" ልጅቷ ገል ፈልጋ አመድ አነጠፈችበት። ፍሙን አስቀመጠች። ነጠላዋንም አነሣች።

"ለምን ተነሣሽ? ራሴ ይዤው እወጣለሁ።"

"አይሆንም። እስኪያያዝልዎት መጥቼ መቀመጥ አለብኝ። የሰጡን ሰዎች እንዲህ ነው ያሉን።"

*

ምሳሌውን ለመፍታት ብዙ አልደክምም፤ ግማሹን አንባቢ ፈትቶታል። በከተማ ድሆች መካከል ቤተ ክርስቲያን መትከል ሲባል በብዙዎቻችን አእምሮ ቀድሞ የሚመጣው አዳራሹ ነው፦ ቦታ፣ ቆርቆሮ፣ ወንበር፣ የድምፅ ማጉያ፣ ደመወዝተኛ አገልጋይ። ይህን አልንቅም። የሴትዮዋ ፍም ከባለጸጋው ምድጃ እንደ ወጣ ሁሉ፣ ዛሬ የምናያቸው ብዙ አብያተ ክርስቲያናት መጀመሪያ የተጫሩት ሌላ ሰው በከፈለበት ምድጃ ነው። የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን የሜኖናይት ሚሲዮናውያን ፍሬ ናት። ነገር ግን በ1974 ዓ.ም. ደርግ አዳራሾቿን ሲዘጋና መሪዎቿን ሲያስር አባላቷ 5,000 ገደማ ነበሩ፤ ደርግ ወድቆ በ1983 ዓ.ም. ወደ አደባባይ ስትመለስ 34,000 ገደማ ሆነው ተገኙ። በመካከሉ ያለው ዘመን የመዳፈን ዘመን ነው። በየቤቱ፣ በጣት በሚቆጠሩ ሰዎች፣ መጋረጃ ተጋርዶ፣ ድምፅ ተቀንሶ። ከእነዚህ ጉባኤዎች ብዙዎቹን በቤታቸው ተቀብለው ያስተናገዱት ሴቶች ናቸው። ስደት እንዲመጣ የሚመኝ ጤነኛ ሰው የለም፤ አዳራሹ ሲዘጋ ግን እሳቱ ለካ ከአዳራሹ ወጥቶ እንደ ነበር ታየ።

ከምሳሌው አንድ ነገር ብቻ ያዙ ብባል የአራሷን ጥያቄ እይዛለሁ፦ "ከእኔ ቤት?" ድሃ ከሚጎድለው ነገር ሁሉ ስም የሌለው ይኸኛው ነው። ሁሉም ይሰጠዋል፤ ከእሱ የሚፈልግ ግን የለም። ዱቄትና ዘይት በምናከፋፍልበት ቀን በሰልፍ የቆመች እናት፣ እሑድም በዚያው ሰልፍ ወንበር ይዛ ከተቀመጠች፣ ያስለመድናት መቀበልን ነው። አባቶቻችን ይህን ያውቁ ነበር። የጽዋ ማኅበር በየወሩ ከቤት ወደ ቤት በተራ የሚዞረው ለከንቱ አይደለም፤ ጭቃ ቤት ያላትም ተራዋ ሲደርስ ባለቤት ናት። ዳቦው ትንሽ ይሁን ትልቅ ዙሩ አይዘላትም። በአንጻሩ በቆሮንቶስ ጉባኤ ጌቶቹ ቀድመው በልተው ሲሰክሩ ድሆቹ በረሃብ ይቀመጡ ነበር፤ ጳውሎስም የበላችሁት የጌታን እራት አይደለም ብሎ የወቀሳቸው በዚህ ነው።

ስለ ላምባው ነበልባል ማብራሪያ የሚያስፈልገው የአገሬ ሰው ያለ አይመስለኝም። ዘይትና ውሃ እየሸጡ፣ ፈውስን በተመን እያቀረቡ የድሃ መቀነት የፈቱ "ነቢያት"ን ሁላችንም አይተናል። ብዙ ጊዜ መልሳችን የባለጸጋው ማስታወቂያ ነው፦ ያልተመረቀ አያስተምር፣ ከአዳራሹ ውጭ ጉባኤ አይኑር። የሴትዮዋ መልስ ከባድ ነው፤ ሰዓት ይበላልና። አዲስ መሪ አጠገብ ድስቱ እስኪፈላ መቀመጥ፣ ቤቱን፣ ሂሳቡን፣ ትዳሩን ማወቅ ለሦስት ቀን ሥልጠና አዳራሽ ከመከራየት የበለጠ ያስከፍላል።

ሸማኔውም የቆየ ችግር ነው። ዶናልድ ማክጋቭራን፣ ሕንድ ተወልዶ እዚያው ያገለገለው አሜሪካዊ ሚሲዮናዊ፣ ያመኑ ድሆች ኑሯቸው ሲሻሻል ከወጡበት ሕዝብ ተለይተው እንደሚርቁ፣ እድገቱም እዚያ ላይ እንደሚቆም ጽፏል። ጆን ዌስሊም በሸመገለ ጊዜ ያስጨነቀው ይኸው ነበር፤ ሜቶዲስቶች ትጉና ቆጣቢ ሆነው መበልጸጋቸው እሳታቸውን እንዳያጠፋው ፈራ። አረቄውንና ጫቱን የተወ አባወራ ልጆቹን ያስተምራል፤ ይህ በረከት ነው። ቤተ ክርስቲያኑ አብራው ወደ ላይኛው ሰፈር ከወጣች ግን ታች የቀረው ልጅ ገሉን ይዞ የብረት በር ፊት ይቆማል። ሸማኔው ተመልሶ እዚያው ይኑር የሚል ሕግ ማውጣት አልችልም። ቢያንስ ዘበኛው ማንን እንደሚመልስ ይወቅ።

አሁን ደግሞ ሰፈሩ ራሱ እየተነሣ ነው። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የአዲስ አበባ የኮሪደር ልማት ፒያሳን፣ ቀጥሎ ካዛንቺስን ሲነካ፣ ብዙ አባወራዎች ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች የከተማዋ ዳር መንደሮች ሄደዋል። የልማቱን ጥቅምና ጉዳት ሌሎች ይከራከሩበት፤ እኔን የሚያሳስበኝ ጣሳው ነው። ቤተ ክርስቲያን ከተነሺ ሰዎች ጋር መሄድ ትችላለች ወይ? ትችላለች፤ ቀድሞም ሄዳለች። አቂላና ጵርስቅላ፣ ቄሣር ቀላውዴዎስ አይሁድን ከሮም ሲያስወጣ የተፈናቀሉ ባልና ሚስት፣ በሙያቸው ድንኳን ሰፊዎች ነበሩ። በቆሮንቶስ ጳውሎስን ቤታቸው ተቀብለው አብረውት ሰፉ። ኤፌሶን ሲኖሩ በቤታቸው ቤተ ክርስቲያን ነበረች። ወደ ሮም ሲመለሱም በቤታቸው ላለችው ቤተ ክርስቲያን ጳውሎስ ሰላምታ ላከ። ኑሯቸው በተነሣ ቁጥር ቤተ ክርስቲያኗ አብራቸው ተነሣች።

አዳዲሶቹ መንደሮች ውስጥ ከብዙ ሰፈር የመጣ ሰው በአንድ ደረጃ ይወጣል፤ ይወርዳል። የድሮው እድር ርቋል፤ አዲሱ ገና ስም ዝርዝር እየጻፈ ነው። ለጸሎት ቤት ቦታ ማመልከት፣ መጠበቅ፣ እንደገና ማመልከት ዓመታት ሊፈጅ ይችላል። በሕንጻው የመጀመሪያው ለቅሶ ግን ያን ያህል አይጠብቅም። አስከሬን በጠባብ ደረጃ ከአራተኛ ፎቅ የሚያወርድ ሰው ያስፈልጋል፤ ድንኳን የሚተክል፣ ንፍሮ የሚቀቅል፣ ከለቀስተኛው ጋር የሚያድር ያስፈልጋል። ወንጌላውያን ከሰፈር እድር የሚገለሉበት፣ እነሱም የራሳቸውን ያቋቋሙበት ጊዜ ነበር፤ ያን ልማድ ይዞ ወደዚያ መሄድ አያዋጣም። እዚያ ቤተ ክርስቲያን ሊተክል የሚያስብ ሰው ለቦታ ከማመልከቱ በፊት በሕንጻው እድር ይመዝገብ፤ የወሩን መዋጮ በጊዜው ይክፈል፤ ድንኳኑ ሲተከልም መዶሻውን ለሌላ ትቶ ካስማውን ይያዝ።